ማታ ማንበብ አቃተኝ፣ ምን ይሻለኛል?

ሰላም ጎንደሬዎች፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ፒያሳ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው የምውለው። ምሳ ሽሮ፣ ከዚያ ቡና፤ የሚያፈሉልን እትዬ ደግሞ በረካውን ሳልጠጣ አያስነሱኝም። አመሻሽ ላይ የፋሲል ግቢን አጥር ይዤ እስከ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ይቺን እንኳ አልተዋትም። ችግሩ ቤት ስገባ ነው። እራት በልቼ መጽሐፍ ስገልጥ ያንኑ አንቀጽ ደጋግሜ አነብና መጽሐፉ ደረቴ ላይ ሲወድቅ እባንናለሁ፣ የሚገርመው ግን አልጋ ውስጥ ስገባ እንቅልፉ ድራሹ ይጠፋል! ከእራት በፊት ላንብብ? ወይስ የከሰዓቱን ቡና ልተው? መብራት ሲጠፋስ በሻማ የምታነቡ ዓይናችሁ እንዴት ቻለው? «በጊዜ ተኛ» የምትሉኝ ግን ይቅርብኝ፣ እሱን እናቴ በየቀኑ ትለኛለች።