የጉማራን መግቢያ በክረምት ለመዝጋት የማኅበር ደንብ ብቻ ይበቃል?

ጥያቄ (ጠያቂ፦ የጣና ዳር ጸሐፊ)

ጤና ይስጥልኝ። በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ባለ አንድ የዓሣ አስጋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር በጸሐፊነት አገለግላለሁ። ማኅበራችን የጉማራ ወንዝ ሐይቁን የሚቀላቀልበትን አካባቢ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ከመረብ ነጻ ለማድረግ በጠቅላላ ጉባኤ ሊወስን ነው። በሳይንሱ ላቤዮባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሦች በእነዚህ ወራት እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዙ ለመውጣት እዚያው ስለሚሰበሰቡ፣ አንድ ሌሊት የተጣለ መረብ በሌላ ጊዜ በብዙ ቀን የማይገኘውን ዓሣ ያወጣል። አባሎቻችን ጉዳቱን ያውቁታል። የሚያነሡት ጥያቄ ግን ተገቢ ነው፦ እኛ የተውነውን ዓሣ አባል ያልሆነ ሰው በሌሊት መጥቶ የሚያነሣው ከሆነ፣ በፍልሰታ ገበያ ላይ ልጆቻችንን ያስራብነው ለማን ብለን ነው? የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ የውጭውን ሰው እንዴት ሊያስር እንደሚችል የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ 1 (ባለ ሕግ)

የማኅበር ደንብ የሚያስረው አባሉን ብቻ ስለሆነ፣ ጉባኤው ያወጣውን ውሳኔ ብቻ ይዞ አባል ያልሆነን ሰው መረብ መቀማት እናንተኑ ተከሳሽ ሊያደርጋችሁ ይችላል። ስለዚህ መሠረታችሁ ሕጉ ይሁን። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በፌዴራል ደረጃ ወጥቷል፤ የአማራ ክልልም የራሱን የዓሣ ሀብት አዋጅ አውጥቷል። የእናንተ ድርሻ ክልከላውን እንደ አዲስ መፍጠር ሳይሆን፣ ሕጉ በጥቅሉ የተናገረውን በቦታና በቀን ወስኖ ማቅረብና ወረዳው በጽሑፍ እንዲያጸድቀው ማድረግ ነው። የተከለለው ውኃ ከየት እስከ የት እንደሆነ በሚታይ ምልክት ይለይ፤ የተያዘ መረብ ለማን እንደሚረከብና በምን ቃለ ጉባኤ እንደሚመዘገብም አስቀድሞ ይጻፍ። ቀኑና ወሰኑ ያልተለየ ክልከላ በፍርድ ቤት አይጸናም።

መልስ 2 (የወንዝ ተመራማሪ)

የባለ ሕጉን ምክር እደግፋለሁ፤ ሆኖም ጥያቄው ራሱ የጠበበ ይመስለኛል። እርስዎ «የውጭ ሰው» የሚሉት በሐይቁ ላይ በሌሊት የሚመጣውን ብቻ ነው። ዓሣው ግን መረባችሁን አልፎ ሲወጣ ከጉማራ ገባር ወንዞች ዳር ከሚያርሰው ገበሬ እጅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተካሄደው የናሙና ጥናት አዋቂ ላቤዮባርበሶች በ75 በመቶ፣ ከ5 እስከ 18 ሴንቲሜትር የሚደርሱት ታዳጊዎች ደግሞ በ90 በመቶ መቀነሳቸውን አሳይቷል። ጥናቱ ምክንያት ናቸው ያላቸው ሁለት ነገሮች በወንዞቹ መግቢያ የሚጣለው የንግድ መረብና በወንዞቹ ውስጥ የሚበተነው የብርብራ ፍሬ ነበሩ። ብርብራ የተፈጨበት ውኃ ትልቅ ትንሹን ሳይለይ ያደነዝዛል፤ ስለዚህ መግቢያውን ዘግታችሁ ወንዙን ብትተዉት ዓሣውን ከአንዱ አጥማጅ ለሌላው አሳልፎ ከመስጠት አይዘልም። በዚያ ላይ እነዚህ ዓሦች እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ውኃ በሚሮጥበት ጠጠር ላይ ነው፤ ለግንባታ አሸዋና ጠጠር የሚያወጡ ሰዎች ያንኑ ቦታ ይቆፍሩታል። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ወደ 40 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ስላለው ከታች ወጥቶ የጎደለውን የሚተካ ዓሣ እንደሌለም አይዘንጋ።

ስለዚህ እኔ ብሆን ከመረብ ጠባቂ በፊት የላይኛውን ቀበሌ ገበሬዎች ወክለው በኮሚቴው ውስጥ የሚቀመጡ ሰዎችን እፈልግ ነበር። በታንኳ የሚያሰግሩት የወይጦ ማኅበረሰብ አባላትም ውሳኔው ካለቀ በኋላ የሚነገራቸው ሳይሆኑ አብረው የሚወስኑ ይሁኑ፤ ከሐይቁ ጋር ከማናችንም የረዘመ ዝምድና አላቸው።

መልስ 3 (ባሕር ማዶ)

በማዳጋስካር ደቡብ ምዕራብ፣ በአንዳቫዱአካ መንደር አካባቢ፣ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 የኦክቶፐስ ማስገሪያቸውን በከፊል ለጥቂት ወራት ዘግተው ሲከፍቱት ያገኙት ትልልቅ ኦክቶፐስ ጎረቤት መንደሮችን ሁሉ አስከትሏል። ይህ ታሪክ በየስብሰባው ይነገራል፤ ለጣና እንዳለ መቅዳት ግን አደገኛ ነው። ኦክቶፐስ ዕድሜው አጭር፣ እድገቱም ፈጣን ስለሆነ የታገሠው ሰው ዋጋውን በዚያው ዓመት አየ። ላቤዮባርበስ ቀስ ብሎ የሚያድግና ለመራባት ዓመታት የሚፈልግ ዓሣ ነው። ለአባሎቻችሁ «በመጪው ዓመት መረባችሁ ይሞላል» ብላችሁ ቃል ከገባችሁ፣ በሁለተኛው ክረምት የሚሰማችሁ አይኖርም።

ከማዳጋስካር ሊወሰድ የሚገባው ሌላው ነገር ነው፤ የተዘጋው ከማስገሪያው ጥቂቱ ብቻ ስለነበር ሰው በሌላው ቦታ ሠርቶ ያድር ነበር። እናንተም ቆሮሶና አምባዛ ከወንዙ መግቢያ ርቆ እንዲሰገር ፈቅዳችሁ፣ ማኅበሩ ለእነዚያ ሳምንታት ከቁጠባው አነስተኛ ብድር ቢያዘጋጅ ትዕግሥቱ ይረዝማል። በፍልሰታ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው፤ ገበያው ካለ ግን ቆሮሶም ያው ይሸጣል። እርግጥ ቆሮሶ ራሱ ሐይቁ ዳር ደንገል ባለበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ስለሚራባ፣ መረቡ ሁሉ ወደዚያ እንዳይዞር ቁጥሩን መወሰን ያስፈልጋል።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የላይኛውን ቀበሌ ገበሬዎች የመጥራት ሐሳብ በረቂቃችን ውስጥ አልነበረም፤ ለጉባኤው አቀርበዋለሁ። የቀረኝ ጥያቄ ጥበቃውን ይመለከታል፦ ለሌሊት ጠባቂ አበል የሚከፍለው ማኅበሩ ነው ወይስ ወረዳው?

መልስ 4 (ባለ ሕግ)

የመያዝ ሥልጣን ያለው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ነውና ደመወዙም ከዚያው ይሁን። የማኅበሩ ሰው ግን አይቶ የሚያሳውቅ ታዛቢ ሆኖ በተራ ቢወጣ ይሻላል፤ በአበል የተቀጠረ ጠባቂ በጀቱ ያለቀ ቀን ይቀራል፣ ከመረብ የሚያገኘው ጉቦም ከአበሉ ሊበልጥ ይችላል። ተራውን የቀረ አባል የሚቀጣበትን መጠን መጀመሪያ ዝቅተኛ አድርጉት፣ ሲደጋገም ይጨምር፤ በአንድ ጊዜ ከማኅበሩ የሚያስወጣ ቅጣት ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ስለማይጨክን ወረቀት ላይ ይቀራል።