ከዜና ክፍል ወደ ሕዝብ ብሮድካስት አመራር፦ ምን ልማር?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦
በሬዲዮ ጣቢያ በዜና አዘጋጅነት ለዓመታት የሠራሁ ሴት ነኝ። ወደፊት በሕዝብ ብሮድካስት ጣቢያ በሥራ አስኪያጅነት ማገልገል እሻለሁ፤ የመጀመሪያ ዲግሪዬ በጋዜጠኝነት ስለሆነ ሁለተኛውን በዚያው ልግፋበት ወይስ የሥራ አመራር ልማር የሚለውን መወሰን ተቸግሬአለሁ።

የቀድሞ የጣቢያ ኃላፊ፦
እኅቴ፣ ከትምህርቱ አስቀድመው ሕጉን ያንብቡ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የሕዝብ ብሮድካስትን ከንግድ ብሮድካስትና ከማኅበረሰብ ብሮድካስት ለይቶ ያስቀምጣል፤ የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽንም በአዋጅ ቁጥር 858/2006 ሲቋቋም ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሆኗል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ተቋም የሚሾም ኃላፊ የሚጠየቀው ባስገባው የማስታወቂያ ገቢ ብቻ ሳይሆን፣ የአየር ሰዓቱ ለየትኛው የኅብረተሰብ ክፍል እንደዋለና የኤዲቶሪያል ፖሊሲው፣ ማለትም የጣቢያው የዜናና የዝግጅት ይዘት የሚመራበት ደንብ፣ መከበሩን ጭምር ነው። የዜና ዐይን አለዎት፤ የሚጎድልዎት የበጀት፣ የግዥና የሰው ኃይል አስተዳደር ዕውቀት በመሆኑ እኔ የሥራ አመራሩን እመርጥልዎታለሁ።

የማሰራጫ ቴክኒሻን (ደብረ ሲና)፦
ከላይ በተሰጠው ምክር ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ በእኛ አካባቢ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነውና። የኤፍ ኤም ሞገድ በአብዛኛው በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ጥርት ብሎ የሚሰማ ጣቢያ ጣርማ በርን ተሻግሮ ከገደሉ ሥር ላለው የሸዋ ሮቢት አድማጭ ላይደርስ ይችላል። ይህን የማያውቅ ኃላፊ የቆላውን ዝምታ የአድማጭ ፍላጎት ማጣት አድርጎ ይተረጉመዋል፤ የሚያውቅ ግን ለተጨማሪ ማሰራጫ፣ ለመለዋወጫና ለጀነሬተር ናፍጣ የሚያስፈልገውን ገንዘብ በዕቅዱ ያስገባል። የሕዝብ ጣቢያ አትራፊ ያልሆነውን ቀበሌ የመተው መብት የለውም ብዬ አምናለሁ። እባክዎ ማሰራጫ ጣቢያ ወጥተው ይመልከቱ።

የፋይናንስ ባለሙያ፦
የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ዝግጅቱ የሚካሄደው ከወራት በፊት ነው፤ የዜና ክፍሉን የወጪ ፍላጎት ለማዘጋጀት አሁኑኑ ፈቃደኝነትዎን ያሳውቁ።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የኃላፊነት ቦታ ሳይኖረኝ ሌላ ልምድ የማገኝበት መንገድ ይኖራል?

የቀድሞ የጣቢያ ኃላፊ፦
አለ። የቀጣዩን ሩብ ዓመት የፕሮግራም መርሐ ግብር ረቂቅ፣ እያንዳንዱ ዝግጅት የሚጠይቀውን ባለሙያ፣ ተሽከርካሪና ውሎ አበል አስልተው ለዋና አዘጋጅዎ ያቅርቡ፤ ቢቀበሉትም ባይቀበሉትም ምክንያታቸውን ይጠይቁ።