መድኃኒት የተላመደ ጀርም ይዟቸው ከሆስፒታል የወጡ እናታችንን በቤት እንዴት እናስታምማቸው?

የአንጎለላ ልጅ፦

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች። እናታችን በቅርቡ የሆድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ነበር። ቁስሉ አልሽር ብሎ መግል በመያዙ ናሙና ተወስዶ የካልቸር ምርመራ ሲደረግ ክሌብሲየላ የሚባል ባክቴሪያ እንደተገኘ፣ እርሱም ለሴፍትሪያክሶንና ለሌሎች በርካታ መድኃኒቶች የማይበገር እንደሆነ ተነገረን። በሚሠራለት ሌላ መርፌ ታክመው ትኩሳቱም መግሉም ጠፍቶ አሁን ቤት ገብተዋል፤ የቀረው ቁስሉ እስኪገጥም ድረስ ጤና ጣቢያ እየሄዱ ማስጠረግና ፋሻ ማስለወጥ ነው። ስንወጣ የተሰጠን ምክር ግን «ንጽሕና ጠብቁ» ከሚል ያለፈ አልነበረም።

ቤታችን ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ ውሃ ከቦኖ በጀሪካን እየቀዳን ነው የምንጠቀመው። አራስ እኅቴ ከነሕፃኗ፣ ሌሎች ሁለት ልጆችም አብረውን ይኖራሉ። ታላቅ ወንድማችን እናታችን ለብቻቸው በጓዳ ይተኙ፣ ሳህንና ብርጭቋቸው ይለይ፣ ልጆቹም ወደ ዘመድ ቤት ይሂዱ ይላል። እናታችን ይህን ከሰሙ ወዲህ ቅስማቸው ተሰብሯል። ለመሆኑ ይህ ጥንቃቄ ተገቢ ነውን? እኛስ ለመከላከያ ብለን መድኃኒት መውሰድ ይኖርብናል? የአገሩ ብርድ እንደምታውቁት ስለሆነ የሚለብሱት የበግ ጠጉር ባና ነው፤ እርሱን በየጊዜው ማጠብ ደግሞ የማይቻል ነው። ጠያቂውም ብዙ ነው። ልምዱም ሙያውም ያላችሁ ብትመክሩን እናመሰግናለን።

የዋርድ ነርስ፦

እግዚአብሔር ምሕረቱን ለእናታችን ያድርግላቸው። ከጥያቄዎቹ ቀላሉን ላስቀድም፦ ያልታመመ የቤተሰብ አባል ለመከላከያ ተብሎ ምንም ዓይነት ፀረ-ባክቴሪያ መውሰድ የለበትም። የሚወስደው ሰው የሚያተርፈው ነገር ቢኖር በሆዱ ውስጥ ያሉትን ደካማ ባክቴሪያዎች ገድሎ ለተላመዱት ቦታ ማስለቀቅ ብቻ ነው።

እናታችሁን ለይቶ ጓዳ ማስተኛትም አያስፈልግም። ክሌብሲየላ እንደ ሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ቤተሰቡን የሚያዳርስ አይደለም። ዋና መኖሪያው አንጀት ስለሆነ የሚወጣው በሰገራ ነው፤ ከቁስል በሚወጣ ፈሳሽና ሽንት ቱቦ በገባለት ሰው ሽንትም ይገኛል፤ ከዚያ ወደ ሌላው የሚያደርሰው ግን በአብዛኛው የሰው እጅ ነው። ስለዚህ የእናታችሁ ሳህንና ብርጭቆ በሳሙና ታጥቦ ከሌላው ጋር ቢደረደር ችግር የለውም፤ ልጆቹም አያታቸውን ይቅረቡ፤ ቁስሉ ግን ሁልጊዜ በንጹሕ ፋሻ ይሸፈን፤ ፋሻው ከረጠበም የቀጠሮው ቀን እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይለወጥ።

ጥንቃቄው መጥበቅ ያለበት በጥቂት ቦታዎች ላይ ነው፦ ፋሻ ከተነካ በኋላ፣ ፖፖ ወይም የሽንት ከረጢት ከተደፋ በኋላ፣ ከመጸዳጃ መልስ፣ ምግብ ከመሰናዳቱ በፊት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕፃኑ ከመታቀፉ በፊት። የጨቅላ ሕፃናት ሰውነት ገና ስላልጠነከረ በእኛ አገር ሆስፒታሎች ውስጥ ለደም መመረዝ ከሚዳርጓቸው ባክቴሪያዎች አንዱ ይኸው ክሌብሲየላ ነው። ስለዚህ የእናታችሁን ቁስል የምትጠርገው ወይም የምታጸዳዳቸው ሴት አራሷ ባትሆን ይመረጣል። አራሷ ጡት ማጥባቷን ትቀጥል፤ በሕፃኑ እትብት ላይም ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አይቀባ። አያቱ እጃቸውን ታጥበው፣ ንጹሕ ልብስ ለብሰው ቢያቅፉት ግን ማንም ሊከለክላቸው አይገባም።

ባናውን በተመለከተ መፍትሔው ማጠብ ሳይሆን እንዳይቆሽሽ መከላከል ነው። ከገላቸው ቀጥሎ የጥጥ አንሶላ ይልበሱ፤ ባናው ከላይ ይሁን። አንሶላውና ጋቢው በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥበው ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቁ። ባናው መግል ወይም ሰገራ ካልነካው በቀር ማናፈስና ፀሐይ ማስመታት ይበቃዋል።

ከመሐል ሜዳ፦

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን ወንድሜን በአንድ ሆስፒታል ለረዥም ጊዜ አስታምሜያለሁ። ያየሁት ነገር በእነዚህ ጀርሞች መዛመት እኛ አስታማሚዎች ያለንን ድርሻ ስላሳየኝ ልጽፈው ወደድሁ። በክፍሉ ውስጥ አልጋዎቹ በጣም ተቀራርበው ነበር፤ የአንዱ በሽተኛ አስታማሚ ውጭ ከወጣ ጎረቤቱ ፖፖውን ይደፋለታል፣ ትራሱን ያስተካክልለታል፣ በዚያው እጁም ለራሱ በሽተኛ እንጀራ ያጎርሳል። ይህ ደግነት ነው፤ ማንም በክፋት የሚያደርገው አይደለም። ጠያቂ ሲመጣ አልጋው ላይ ይቀመጣል፣ ያመጣውን ዳቦ የያዘ ፌስታል እግርጌ ያኖራል፣ ብርድ ልብሱን ገልጦ ቁስሉን ያያል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው አልጋ ሄዶ «እግዜር ይማርህ» እያለ ይጨብጣል። ከሠራተኞቹም መካከል አንዱን ጓንት እንዳጠለቁ ከአልጋ አልጋ የሚሻገሩ ነበሩ፤ ይህን ስመለከት ጓንቱ የሚጠብቀው የለበሰውን ሰው እንጂ በሽተኛውን እንዳልሆነ ገባኝ።

በቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በእኛ አገር የሚታጠብ ሰው በአብዛኛው ሌላ ሰው በጆግ እያፈሰሰለት ስለሆነ እጁ ዕቃውን አይነካም፤ ይህ በጎ ልማድ ነው። ብቻውን ሲታጠብ ግን በቆሸሸ እጁ የጆጉን እጀታ ይይዛል፤ ታጥቦ ሲጨርስ ደግሞ እንደገና ያንኑ እጀታ ይጨብጣል። ከዚያም ቤተሰቡ ሁሉ በሚጠቀምበት አንድ ፎጣ ወይም በነጠላው ጫፍ ያብሳል። እኛ ከታች ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲ ገዝተን በር ላይ አስቀመጥን፤ ቧንቧውን በክንድ መክፈትና መዝጋት ይቻላል፤ እጃችንንም በፎጣ ከመጥረግ ይልቅ በነፋስ እናደርቃለን። ለጠያቂውም ባልዲው በር ላይ መሆኑ ጠቅሟል፤ ሰው ሲገባ እንዲታጠብ መጋበዝ ነውር መሆኑ ቀርቶ እንደ መስተንግዶ ተቆጠረ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦

ከላይ የተሰጡት ምክሮች ጥሩ ናቸው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ምርመራ ወረቀቱ ነው። ብዙ ሰዎች «የእናቴ ሰውነት መድኃኒት ለመደ» ይላሉ፤ የተላመደው ግን ባክቴሪያው እንጂ ሰውነታቸው አይደለም። በካልቸር ምርመራ ባክቴሪያው በምግብ ጄሊ በተሞላ ሳህን ላይ ከተዘራ በኋላ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ዓይነት መድኃኒት የተነከሩ ጥቃቅን ክብ ወረቀቶች በላዩ ላይ ይቀመጣሉ። ባክቴሪያው ቢያንስ አንድ ሌሊት እንዲያድር ከተደረገ በኋላ መድኃኒቱ በሚሠራበት ወረቀት ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይታያል፤ በማይሠራው ዙሪያ ግን ባክቴሪያው ወረቀቱ ጥግ ድረስ ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅላል። የእናታችሁ የምርመራ ውጤት ወረቀት ሴፍትሪያክሶን አይሠራም የሚለው ባክቴሪያው መድኃኒቱን የሚሰብር ኢንዛይም ስላለው ሊሆን ይችላል። አሳሳቢው ነገር ይህን ኢንዛይም የሚያሠራው ዘረ-መል ብዙ ጊዜ ፕላዝሚድ በምትባል ክብ ቅንጣት ላይ ተጭኖ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው፣ ሌላ ዝርያ ወደሆነው ጭምር፣ የሚሻገር መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዝርዝር የዚህ ዓይነቶቹን ባክቴሪያዎች እጅግ አሳሳቢ ከሚባሉት ተርታ ያሰለፋቸውም ስለዚህ ነው። በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል።

ቁስሉ ቢድንም ባክቴሪያው በእናታችሁ አንጀት ውስጥ ምንም ሕመም ሳያመጣ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ይህ በራሱ መድኃኒት አያስፈልገውም። የምርመራ ውጤት ወረቀቱን ግን እንዳትጥሉት። ወደፊት በሌላ ሕመም ወደ ጤና ጣቢያም ሆነ ወደ ሆስፒታል ቢሄዱ፣ ገና ካርድ ሲወጣ ወረቀቱን አሳዩ፤ ሐኪሙ ከማይሠራው መድኃኒት ከመጀመር ይድናል፤ ነርሶቹም ከጨቅላ ሕፃናትና አዲስ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች ራቅ አድርገው ያስተኟቸዋል።

የአንጎለላ ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ እናመሰግናለን፤ ወንድሜም አንብቦ ጓዳውን ትቶታል። ሦስት ነገሮች ቀርተውኛል። ቤቱን በየቀኑ በበረኪና ማጠብ ያስፈልጋል? እናታችን ጸበል መጠመቅ ይፈልጋሉ፤ ይህስ እንዴት ይሁን? በሦስተኛ ደረጃ ጎረቤታችን ቶሎ እንዲደርቅ ብላ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍተን ቁስሉ ላይ እንድንነሰንስ ትመክረናለች፤ አባታችንም በጎቹ ሲታመሙ የሚወጋቸው ኦክሲቴትራሳይክሊን ቤት ውስጥ ስላለ ያው ነው ይላሉ።

ፋርማሲስት፦

ከሦስተኛው ልጀምር፦ በፍጹም አይደረግ። የካፕሱል ዱቄት ቁስል ውስጥ ገብቶ እንደ ባዕድ ነገር ይጠጥራል፤ የሚደርሰው መጠንም ስለማይታወቅ ባክቴሪያውን ሳይገድል ሊያለማምደው ይችላል። እንዲህ ያለውን ካፕሱል ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡ መድኃኒት ቤቶች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ፀረ-ባክቴሪያ ያለ ማዘዣ መሸጥ ክልክል ነው፤ በሙያ ባልደረቦቼ ከማዝንባቸው ነገሮች ቀዳሚው ይኼ ነው። ከሐኪም የታዘዘው ካለ እንደታዘዘው ይወሰድ፤ «ተሽሎኛል» ተብሎ በራስ ፈቃድ አይቋረጥ፣ «ይጨመር» ተብሎም አይራዘም። የተረፈ ካፕሱል ካለ ለጎረቤት ጉንፋን አይሰጥ፤ ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ አሞክሳሲሊን አያድነውም፤ የተረፈው ወደ ጤና ጣቢያው ፋርማሲ ይመለስ።

የበጎቹን መድኃኒት በተመለከተ ለእንስሳት የተዘጋጀ መርፌ ለሰው አይሆንም። ለበጎቹም ቢሆን የእንስሳት ሐኪም ባዘዘው መጠን ይሰጥ፤ የታከመውም በግ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቀን ሳያልፍ አይታረድ፤ ላም ከሆነችም ወተቷ አይጠጣ። ግልገል ያዋለደም ሆነ እበት የዛቀ ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ወደ አራሷ ክፍል አይግባ።

የዋርድ ነርስ፦

በየቀኑ በበረኪና ማጠብ አያስፈልግም፤ ለወለሉ ሳሙናና ውሃ ይበቃል። መግል ወይም ደም ከፈሰሰ ግን መጀመሪያ በጨርቅ ተጠርጎ፣ ከዚያም አምስት ከመቶ ክሎሪን ካለው በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይፍሰስበትና አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይ። ብጥብጡ በየዕለቱ አዲስ ይሁን፤ ከሌላ የጽዳት ፈሳሽ ጋር አይቀላቀል፤ ቁስል ላይ አይደረግ። (እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና ሐኪም የነበረው ሰሜልቫይስ አስከሬን የነኩ ሐኪሞች ወደ ወላዶች ከመሄዳቸው በፊት እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አስገድዶ የእናቶችን ሞት በእጅጉ የቀነሰው በዚሁ በበረኪና ዘመድ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ባልደረቦቹ ግን ተሳልቀውበታል።) ለእጅ ሳሙናና የሚወርድ ውሃ ይሻላል፤ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በጣቶች መካከልና በጥፍር ሥር ጭምር። ውሃ በጠፋ ጊዜ ደግሞ እጁ በዓይን የሚታይ እድፍ ከሌለበት የእጅ አልኮል ይተካዋል።

ጸበሉን መከልከል የለባችሁም፤ ነገር ግን ቁስሉ እስኪገጥም ድረስ መጠመቁ ይቆይና ካህኑ ራሳቸውንና ፊታቸውን ብቻ ይርጩላቸው፤ ለካህኑ ቁስሉ መርጠብ እንደሌለበት ብትነግሯቸው የሚያስቸግሩ አይመስለኝም። የቆሸሸው ፋሻ በፌስታል ተቋጥሮ ከውሾችና ከልጆች ርቆ ይቃጠል። ትኩሳት ከተመለሰ፣ ቁስሉ ዳር ዳሩ ከቀላ ወይም መግል እንደገና ከታየ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ውሰዷቸው፤ ሕፃኑም ጡት አልጠባም ካለ፣ ሰውነቱ ካተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ በዚያው ዕለት ይታይ።