የጎዳና ላይ የወሲብ ንግድ ሰፈርንና ንግድ ቤቶችን ሲጎዳ ምን ማድረግ ይቻላል?

ጥያቄ

በአንድ የከተማ ዋና መንገድ ዳር የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አለኝ። ከመሸ በኋላ በመንገዱ ላይ የወሲብ ንግድ መካሄድ ከጀመረ ወዲህ የማታው ገበያ እየቀዘቀዘ መጥቷል። የቀን ደንበኞቼ አልቀሩም፤ ከሥራ መልስ ጎራ ይሉ የነበሩት፣ በተለይም ልጆቻቸውን አስከትለው የሚመጡት ግን መንገድ ቀይረዋል። ጠዋት ከደጃፌ ላይ ያገለገለ ኮንዶምና የጠርሙስ ስባሪ ማንሳት የመጀመሪያ ሥራዬ ሆኗል። ከሁሉ የከበደኝ የሽያጭ ሠራተኛዬ ጉዳይ ነው፤ ሱቁን ዘግታ ትራንስፖርት ስትጠብቅ፣ መኪናቸውን አቀዝቅዘው መስታወት እያወረዱ ዋጋ የሚጠይቋት ወንዶች ስላስመረሯት ሥራውን ልትለቅ አስባለች።

የአካባቢው ነጋዴዎች ፖሊስ ሴቶቹን እንዲያነሳልን ፊርማ እያሰባሰብን ነው። እኔ ከመፈረሜ በፊት፣ እንዲህ ያለው እርምጃ በሌሎች ከተሞች ውጤት አምጥቶ እንደሆነ የሚያውቅ ቢያስረዳኝ እወዳለሁ። በሴቶቹ ላይ ክፉ አልመኝም፤ ነገር ግን የሱቅ ኪራይ የእኔን ርኅራኄ አይቶ አይቀንስም።

አንደኛ መልስ

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በከተማ ፕላን ሙያ ነው። ጽሑፍዎን ደግመው ቢያነቡት፣ ከዘረዘሯቸው ችግሮች ዋናው፣ ማለትም ሠራተኛዎን ያስመረራት፣ የመጣው ከሴቶቹ ሳይሆን ከገዢዎቹ መሆኑን ያስተውላሉ። ፊርማው የሚጠይቀው ግን ሴቶቹ እንዲነሡ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ገበያ ቦታ የሚመርጠው በዘፈቀደ አይደለም። መኪና ቀስ ብሎ ዞሮ የሚመለስበት፣ መብራቱ የደከመ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ሰው የማይታይበት መንገድ ይመቸዋል፤ የባቡር ጣቢያ ዙሪያና የመጋዘን ሰፈር በብዙ ከተሞች የሚታወቁትም በዚሁ ነው። ስለዚህ የሱቆች መዘጋት የወሲብ ንግዱ ውጤት ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ መነሻውም ነው፤ አንድ ሱቅ ቀደም ብሎ ሲዘጋ መንገዱ ይጨልማል፣ መንገዱ ሲጨልም ጎረቤቱም ለመዝጋት ይቸኩላል። የቤት ዋጋና የኪራይ መውረድንም በዚህ ንግድ ብቻ ማሳበብ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ፣ ከነጋዴዎቹ መካከል የሚጠቀምም አለ፤ አልጋ በሰዓት የሚያከራዩና ሌሊቱን ሙሉ መጠጥ የሚሸጡ ቤቶች ፊርማውን ለምን እንደሸሹት ቢጠየቅ መልካም ነው።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ በእንግሊዟ በርሚንግሃም ከተማ የባልሶል ሂዝ ነዋሪዎች በ1994 እ.ኤ.አ. በየመንገዱ ማዕዘን ቆመው የገዢዎችን የሰሌዳ ቁጥር መመዝገብ ጀምረው ነበር። ሰፈራቸው ጸዳ፤ ይሁን እንጂ ከንግዱ የተወሰነው ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛወረ። ሌሎች ከተሞች ደግሞ ቦታ ለይተው ሰጡ፤ የኔዘርላንዷ ዩትሬክት በ1986፣ የጀርመኗ ኮሎኝ በ2001፣ የስዊዘርላንዷ ዙሪክ በ2013። ዙሪክ ከወንዝ ዳር መንገድ አንሥታ የወሰደችው ከመኖሪያ ቤት ራቅ ወዳለ፣ የመኪና መግቢያ ክፍሎችና የአደጋ ጊዜ ደወል ወዳለው ግቢ ነው። በኔዘርላንድ ከተሞች ላይ የተደረገና በ2017 የታተመ ጥናት፣ እንዲህ ያሉ ቦታዎች በተከፈቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የተመዘገቡ የአስገድዶ መድፈርና የወሲብ ጥቃት ወንጀሎች ከ30 እስከ 40 በመቶ መቀነሳቸውን አሳይቷል። ሆኖም አምስተርዳም የራሷን ቦታ በ2003 ዘግታዋለች፤ የሚቆጣጠረው ካጣ እንዲህ ያለው ቦታ የደላሎችና የሕገ ወጥ አዘዋዋሪዎች መፈንጫ ይሆናል።

ሁለተኛ መልስ

በጎዳና ላይ ለሚሠሩ ሴቶች የጤና አገልግሎት በሚሰጥ ቡድን ውስጥ እሠራለሁ። አፈሳ በተካሄደ ማግስት የምናየው ተመሳሳይ ነው፦ ሴቶቹ ከብርሃን ወደ ጨለማ ይሸሻሉ፣ ገዢውን አጣርተው ለማየት ጊዜ ሳያገኙ ፈጥነው መኪና ውስጥ ይገባሉ፣ ኮንዶም እንደ ማስረጃ በሚያዝበት ቦታ ደግሞ ኮንዶም መያዝ ያቆማሉ። የገንዘብ ቅጣት የተጣለባት ሴት ቅጣቱን የምትከፍለው በማግስቱ እዚያው መንገድ ላይ ቆማ በምታገኘው ገንዘብ ነው።

ሴቶቹን አነጋግራችኋቸው ታውቃላችሁ? በአስታራቂ ሰው አማካይነት ከትምህርት ቤት በርና ከሱቅ ደጃፍ ርቀው እንዲቆሙ፣ ክዳን ያለው የቆሻሻ መጣያ እንዲተከልላቸው መስማማት የተቻለበት ጊዜ አለ። ሁልጊዜ አይሰምርም፤ አዲስ የምትመጣዋ ስምምነቱን አታውቀውም። ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ ወይም ተገድዳ የቆመች ሴት ካጋጠመቻችሁ ግን ጉዳዩ ከሰፈር ጸጥታ የተለየ ከባድ ወንጀል ስለሆነ ለብቻው ሊጠቆም ይገባል።

ሦስተኛ መልስ

ከላይ ለጻፉት አክብሮት አለኝ፤ ነገር ግን መልሳቸው ነዋሪው የበለጠ እንዲታገሥ የሚጠይቅ ይመስላል። በእንግሊዝ ሊድስ ከተማ፣ ሆልቤክ በተባለው ሰፈር፣ በ2014 እ.ኤ.አ. በተወሰነ ሰዓት የሚፈቀድበት አካባቢ ተከልሎ ነበር። ነዋሪዎቹ ሰዓቱም ክልሉም አልተከበረም እያሉ ለዓመታት ሲያማርሩ ቆይተው በ2021 አሠራሩ ቀረ። ስምምነት የሚሠራው የሚያስከብረው ሲኖር ነው።

እኔ የምደግፈው ገዢውን መያዝ ነው። ስዊድን በ1999 መሸጡን ሳይሆን መግዛቱን ወንጀል አደረገች፤ ፈረንሳይም በ2016 ይህንኑ መንገድ ተከተለች። ስዊድን ውስጥ በጎዳና ላይ የሚታየው ንግድ ቀንሷል፤ ወደ ስልክና ወደ ኢንተርኔት ተሸጋግሯል የሚሉ ተቺዎች ቢኖሩም፣ ለባለሱቅ ዋናው ነገር በደጃፉ መኪና መዞሩ መቅረቱ ነው።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፊርማውን ጽሑፍ እንድናሻሽለው ለነጋዴዎቹ ሐሳብ አቀርባለሁ፦ መብራት እንዲጠገን፣ መጣያ እንዲተከል፣ ፖሊስም የሚዞሩትን መኪኖች እንዲያስቆም። መንገዱን ከመሸ በኋላ ለመኪና መዝጋትስ ይቻላል?

አንደኛ መልስ ሰጪ

ይቻላል፤ በሌሎች ከተሞችም ተሠርቶበታል። ሙሉ በሙሉ ከመዝጋት ይልቅ ዞሮ መመለሻውን ማቋረጥ ይበቃል፤ መንገዱን ባለ አንድ አቅጣጫ ማድረግ ወይም አንዱን ጫፍ በብረት ምሰሶ መዝጋት ማለት ነው። ከማመልከታችሁ በፊት ግን ማታ ዕቃ የሚያራግፉ ሱቆችን አስፈርሙ፤ የእሳት አደጋ መኪናና አምቡላንስ የሚገቡበትንም በንድፉ ላይ አሳዩ፤ ማዘጋጃ ቤቶች እንዲህ ያለውን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ውድቅ የሚያደርጉት በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች ነው።