ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ አቅራቢያ ለመዛወር ምክራችሁን እሻለሁ

የተከበራችሁ አንባብያን፣ ከቤተሰቤ ጋር ለ9 ዓመታት በደብረ ብርሃን ከኖርን በኋላ መሥሪያ ቤቴ ወደ አዲስ አበባ፣ መገናኛ አካባቢ ስላዛወረኝ፣ ከመስከረም በፊት የመኖሪያ ቦታ መምረጥ ግድ ሆኖብኛል። 130 ኪሎ ሜትር በየቀኑ መመላለስ የማይታሰብ ነው፤ መሀል ከተማ መከራየት ደግሞ ከደመወዜ ከግማሽ በላይ ይወስዳል።

ስለዚህ ዓይናችን ያረፈው በዚያው በደሴ መንገድ ላይ ባሉት ከተሞች ነው። ለገጣፎ ለሥራዬ ቅርብ ቢሆንም የጠየቁን ኪራይ ከአቅማችን በላይ ነው። ሸኖ ይረክሳል፤ ሆኖም ከአዲስ አበባ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ልጆቼን ተኝተው ትቼ ተኝተው ላገኛቸው ነው። ሰንዳፋ፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ይሻል ይመስለኛል።

ከዋጋው ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ግን ጉርብትናው ነው። እኔ የመንዝ ተወላጅ ስሆን ባለቤቴ የሰላሌ ልጅ ናት፤ ልጆቻችን በቤት ውስጥ አማርኛም አፋን ኦሮሞም እየሰሙ ያደጉ በመሆናቸው፣ ሁለቱም ቋንቋዎች በሰፈር የሚነገሩበት፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ዕድር የሚረዳዳበት ቦታ እንፈልጋለን። በኦሮሚያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው የሚያስተምሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ትልቁ ልጄ ግን አራተኛ ክፍል የደረሰው በአማርኛ ተምሮ ነው።

በሰንዳፋ ወይም በአለልቱ የምትኖሩ፣ በአማርኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት መኖሩን፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ወደ መገናኛ የሚሄድ ታክሲ መገኘቱን ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም። ደላላ የሚነግረኝን ብቻ ይዤ ቤተሰቤን ማንቀሳቀስ አልፈልግም።