ወንድሜ ልቡ ቆሞ ነበር፤ «ኤንኤስኢ 71» ምን ማለት ነው?

እህቱ ነኝ (ፍራንክፈርት)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ ራት እየበላን ነበር። ወንድሜ የጠቀለለውን ሳይጎርስ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ልቡ ቆሞ ነበር። አምቡላንስ እስኪመጣ ጎረቤቴ ደረቱን ሲጫነው ቆየ። አሁን አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ነው፣ አልነቃም። ዛሬ ሰኞ ሐኪሟ «ኤንኤስኢ 71 ሆኗል፣ ጥሩ አይደለም» አለችኝ። ጀርመንኛዬ ከገበያ አያልፍም፤ ራሴን ነቅንቄ ወጣሁ። አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ምን ብዬ ልደውል? በአንድ ቁጥር ተስፋ ይቆረጣል እንዴ?

የአይሲዩ ነርስ (ስቶክሆልም)፦
እህቴ፣ ምሕረቱን ያውርድላችሁ። ኤንኤስኢ በነርቭ ሴሎች ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነው። አንጎል ኦክስጅን አጥቶ ሴሎቹ ሲሞቱ ወደ ደም ይፈሳል። የ2021ዱ የአውሮፓ መመሪያ በ48 ወይም በ72 ሰዓት ከ60 ማይክሮግራም በሊትር ካለፈ መጥፎ ምልክት ነው ይላል። አልዋሽሽም፣ 71 ያሳስባል። ግን በሱ ብቻ አይፈረድም። ቢያንስ 72 ሰዓት ይጠበቃል፣ የማደንዘዣው ኃይልም ማለቅ አለበት። ከዚያ ሌላው አብሮ ይታያል፦ ብርሃን ሲበራበት የዓይኑ ብሌን ይጠባል ወይ? ኢኢጂው (የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ)፣ ሲቲው (የአንጎል ራጅ) ምን ይላል?

አሁን ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ የትናንቱ ስንት ነበር? እየወጣ ከሄደ ይከፋል። ሁለተኛ፣ ናሙናው ደህና ነበር ወይ? ኤንኤስኢ ቀይ የደም ሴል ውስጥም አለ። ሴሎቹ ቱቦው ውስጥ ከፈነዱ ቁጥሩ በከንቱ ይሰቀላል። እኛ ጋ እንዲህ ሲሆን ደግመን እንቀዳለን። ደግሞ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ አትፈሪ።

የአባቱ ልጅ (ሜሪላንድ)፦
እኛ በአባታችን ጊዜ ላክቴት የሚሉትን ሌላ የደም ምርመራ ስንቆጥር ነው የሰነበትነው። በየቀኑ ሲወርድ ቤተሰቡ እልል አለ። ለካ ላክቴት ደም በሰውነቱ እንዴት እንደሚዘዋወር እንጂ አንጎሉን አይናገርም። አልነቃም፣ አረፈ። ላስፈራሽ አይደለም። የምትሰሚው ቁጥር የምን እንደሆነ እያጣራሽ ስሚ ለማለት ነው።

እህቱ ነኝ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በአስተርጓሚ ጠየቅኩ። የትናንቱ 39 ነበር። የዛሬው ውጤት ሥር ደግሞ ሴሎቹ ፈንድተዋል የሚል ማስታወሻ ነበረበት፤ ማንም አልነገረኝም። ነገ ማታ 72 ሰዓት ሲሞላው ይደገማል። እማዬ ቀድማ ደወለች። «ተኝቷል» አልኳት። ውሸትም አይደል።