ሚጡ ከሕክምና ስትመለስ ነብሪት አልቀበላት አለች፤ ምን ላድርግ?

የሚጡ እናት
ጤና ይስጥልኝ። አብረው የተወለዱ ሁለት ሴት ድመቶች አሉኝ፤ ዕድሜያቸው ሁለት ዓመት ነው። እስከ ሰኞ ድረስ ተቃቅፈው ነበር የሚተኙት። ማክሰኞ ሚጡ የማምከኛ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ማታ 12 ሰዓት ላይ ተመለሰች። ሳጥኑን ሳሎን ውስጥ ስከፍተው ነብሪት ቀርባ አሸተተቻት፤ ወዲያው ፀጉሯን አቁማ «ኽሽ» አለችና ዘላ ያዘቻት። በፎጣ ጋርጄ አላቀቅኳቸው። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ሚጡ አልጋ ሥር ገብታለች፣ ነብሪት ደግሞ መኝታ ቤቱ በር ላይ ተቀምጣ ታጉረመርማለች። ቤታችን ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። የሚጡ ስፌት ገና አልተፈታም፤ የነብሪት ተራ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እስኪላመዱ ልተዋቸው ወይስ ልለያያቸው? ዕጣን ቢጨስ ጠረኑ ይጠፋል ያሉኝም አሉ።

የእንስሳት ሐኪም
እህቴ፣ ዛሬውኑ ለያያቸው። መኝታ ቤቱ ለሚጡ ይሁን፣ በሩም ይዘጋ።

ድመት ጓደኛዋን ከመልኳ ይልቅ በጠረኗ ነው የምታውቃት። አብረው የሚኖሩ ድመቶች ጉንጭና ጎናቸውን እየተሻሹ አንድ የቤት ጠረን ይሠራሉ። ሚጡ ክሊኒክ ስትውል ያ ጠረን በአልኮል፣ በቁስል ማጽጃ፣ በማደንዘዣና በሌሎች እንስሳት ጠረን ተሸፈነ። ድመት ስትደነግጥ ደግሞ ፊንጢጣዋ አጠገብ ካሉት እጢዎች ኃይለኛ ጠረን ያለው ፈሳሽ ሊወጣት ይችላል፤ ይህ ለሌላዋ ድመት «አደጋ አለ» የሚል መልእክት ነው። በዚያ ላይ ሆዷ ተላጭቷል፣ የዓይኗ ብሌን ሰፍቷል፣ እየተንገዳገደች ነው የምትሄደው። ለነብሪት ወደ ቤቷ የገባችው የማታውቃት ድመት ናት።

«ይላመዳሉ» ብሎ መተው የማያዋጣው ለዚህ ነው፦ የመጀመሪያው ጠብ የጠረን ጉዳይ ነበር፤ ሦስተኛው ግን የፍርሃት ጉዳይ ይሆናል። የክሊኒኩ ጠረን በጥቂት ቀን ይለቃል። እርስ በርስ መፈራራት ከለመዱ ግን እሱን ለማስተው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ሌላው ደግሞ ስፌቱ ነው፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ሚጡ መዝለልም መታገልም የለባትም።

በክፍሏ ውስጥ ውኃ፣ ምግብ፣ የመጸዳጃ ሳፋና ከቀዶ ሕክምናው በፊት ትተኛበት የነበረ ያልታጠበ ጨርቅ ይኑራት። ሳፋው ከምግቡ ይራቅ። ቁስሉ እስኪደርቅ በአሸዋ ፋንታ የተቀዳደደ ጋዜጣ አድርጊበት፤ አሸዋ ስፌቱ ላይ ይጣበቃል። በበሩ ሥር ክፍተት ካለ ፎጣ ወትፊበት፣ መዳፍ ለመዳፍ እንዳይቧጨሩ።

ዕጣኑን ተዪው። የክሊኒኩን ጠረን አያጠፋም፤ ሌላ ጠረን ይጨምርበታል፣ ጭሱም ለሳንባቸው ጥሩ አይደለም። ሽቶና ፓውደርም ያው ነው፤ ሲልሱት ሆዳቸው ይገባል። ሚጡን አታጥቢያት፣ ቁስሉ መርጠብ የለበትም። በንጹሕ ውኃ ረጥቦ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጀርባዋንና ጎኗን ብቻ ጥረጊያት። የመጣችበትን ሳጥን በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥበሽ ፀሐይ ላይ አድርቂው። ሸንታበት ከሆነ በረኪና አታፍስሺበት፤ በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል።

አንድ ነገር አደራ፦ አሟት ይሆናል ብለሽ ፓራሲታሞል እንዳትሰጪያት። አንዲት ፍሬ ድመትን ልትገድል ትችላለች። 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልበላች፣ ወይም ቁስሉ ካበጠ፣ ከደማ ወይም መግል ከያዘ ወዲያው ለሐኪሟ ደውዪ።

አራት ድመት
ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ እኔ ስለ ማስታረቁ ልጨምር።

ንጹሕ የጥጥ ካልሲ እጅሽ ላይ አጥልቂና የሚጡን ጉንጭ ከአፏ ጥግ ወደ ጆሮዋ አምስት ስድስት ጊዜ አሻሺ። ጠረን የሚያወጡት እጢዎች ያሉት እዚያ ነው። ሆዷን ወይም ቁስሏ አካባቢ እንዳትነኪ፣ የመድኃኒቱን ጠረን ይዘሽ ትሄጃለሽ። ካልሲውን ከነብሪት የምግብ ሳህን አንድ ሜትር ያህል ርቆ መሬት ላይ ተዪው። አሽትታ ጀርባዋን ሰጥታ ከበላች ጥሩ ነው፤ በሚቀጥለው ቀን ትንሽ አስጠጊው። «ኽሽ» ካለችበት ግን አርቂው እንጂ አፍንጫዋ ሥር አትደቅኚባት። በሌላ ካልሲ የነብሪትን ጉንጭ አሻሽተሽ ለሚጡም እንዲሁ አድርጊ። ሁለቱም ካልሲውን ንቀው ማለፍ ሲጀምሩ በአንዱ ካልሲ ሁለቱንም እያፈራረቅሽ አሻሺ፤ የድሮው የጋራ ጠረን እንደገና የሚሠራው እንዲህ ነው።

ቀጥሎ በሩ። በሩ እንደተዘጋ ሳህኖቹን በግራና በቀኝ፣ ከበሩ ሁለት ሁለት ሜትር አርቀሽ በቀን ሁለት ጊዜ በአንድ ሰዓት አብያቸው። ሁለቱም ተረጋግተው ከጨረሱ በሚቀጥለው ጊዜ 30 ሴንቲ ሜትር አስጠጊ። አንዷ መብላት አቁማ በሩ ላይ ካፈጠጠች፣ ጆሮዋ ወደ ኋላ ከተኛ ወይም ጅራቷን ካወራጨች ቸኩለሻል ማለት ነው፤ በደንብ ወደ በላችበት ርቀት ተመለሺ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ቀን ደህና ሲሆን በሩን ወለል አድርጎ ይከፍተዋል።

ለዚህ ሰዓት የሚወዱትን ምግብ አስቀሪላቸው፤ ጨው ያልገባበት የተቀቀለ ዶሮ ወይም ትንሽ ጉበት ይበቃል። ወጥ የነካው ሥጋ ግን አይሆንም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያጠፋል።

በሩ ላይ ተጠጋግተው መብላት ከቻሉ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ክፈቺውና እንዳይሰፋ በሁለቱም በኩል ከባድ ነገር ደግፊበት። የትንኝ ወንፊት በፍሬም አድርገሽ ብታቆሚ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ነው አንቺ ባለሽበት ለአምስት ደቂቃ የሚገናኙት፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይረዝማል። ለአንዳንዶች ይህ ሁሉ ሦስት ቀን ነው፣ ለአንዳንዶች ወር።

የሚጡ እናት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሚጡን ነክቼ ስወጣ ነብሪት እኔንም «ኽሽ» ትለኛለች። በስህተት በሩ ተከፍቶ ቢያያዙስ?

የእንስሳት ሐኪም
አንቺን ጠልታሽ አይደለም፤ የሚጡን ጠረን ይዘሽ ወጥተሻል። ሚጡ ክፍል የምትለብሺው አንድ ነጠላ ወይም ጋቢ ይኑርሽ፣ ስትወጪ እዚያው ተዪው፣ እጅሽንም ታጠቢ።

ከተያያዙ እጅሽን በመካከላቸው በጭራሽ አታስገቢ። የተቆጣች ድመት ያገኘችውን ነው የምትነክሰው፣ ባለቤቷንም ቢሆን። ሰፋ ያለ ካርቶን በር አጠገብ አዘጋጂና በመካከላቸው አስገቢ፤ ካልሆነ ወፍራም ብርድ ልብስ ጣይባቸው። ሲለያዩ ነብሪትን መብራት በጠፋበት ክፍል ብቻዋን ተያት። አታቅፊያት፣ አትቆጫት፣ አትምቻት። በልታ ወይም ተኝታ እስክትታይ ድረስ አልበረደችም፤ ይህ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል።

ከተነከስሽ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቢና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂጂ። የድመት ጥርስ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ባክቴሪያውን ጥልቅ ያስገባዋል፤ ላዩ ትንሽ መስሎ ውስጡ ይመግላል። በአገራችን ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ አለ፣ ድመትም ታስተላልፋለች። ሁለቱም የዚህን ክትባት ካልወሰዱ በነብሪት ቀጠሮ ቀን ጠይቂላቸው።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ውጭ የሚኖር ዘመድ ካለሽ ፌሊዌይ የሚባል ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር አለ፤ ድመቶችን የሚያረጋጋ ጠረን ይለቃል፣ ሰው አይሸተውም። «ክላሲክ» ሳይሆን «መልቲካት» የሚለውን ይግዙልሽ፣ ለድመቶች እርስ በርስ ጠብ የተሠራው እሱ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ «ፍሬንድስ» በሚል ስም ይሸጣል። ከአሜሪካ የሚመጣው ሶኬት ለ120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220 ነው፤ ስለዚህ የአውሮፓውን ያምጡልሽ። አንዱ ጠርሙስ 30 ቀን ያህል ይቆያል። ከሶፋ ኋላ ወይም መጋረጃ ሥር አትሰኪው፣ ጠረኑ ይታፈናል። ያግዛል እንጂ የካልሲውንና የበሩን ሥራ አይተካም፤ ካላገኘሽው አትጨነቂ።

የእንስሳት ሐኪም
የነብሪትን ቀጠሮ በተመለከተ፦ ሁለቱ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሙሉ በሰላም አብረው ካልዋሉ አስተላልፊው። ዕርቁ ሳይጸና ሌላ የክሊኒክ ጠረን ከገባ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ።

ሳጥኑን ከቀናት በፊት ሳሎን ውስጥ ክፍት አድርገሽ አስቀምጪው፣ ምግብም አልፎ አልፎ ውስጡ ስጪያት። ሁለቱ የተኙበትን ሁለት ፎጣ አዘጋጂ፤ አንዱ አብሯት ይሂድ፣ ሌላው በፌስታል ታስሮ ቤት ይቆይ። ስትመለስ የሄደው ፎጣ ይታጠብ፣ የቆየውን ሥሯ አንጥፊላት። ከመንገድ ቀጥታ ወደ መኝታ ቤት ትግባ፤ ሳጥኑ ሚጡ ፊት አይከፈት። ቀጥ ብላ እስክትራመድና እስክትበላ፣ ቢያንስ ለ24 ሰዓት፣ በሩ ይዘጋ። በመንገድ በጣም የምትፈራ ከሆነ ከጉዞው ቀደም ብሎ የሚሰጥ ማረጋጊያ እንዳለ ሐኪሟን ጠይቂ፤ መጠኑን በክብደቷ የሚወስነው እሱ ነው።

«ሁለቱንም አብሬ ብወስድስ፣ ጠረናቸው አንድ ይሆናል» የሚል ሐሳብ አለ፤ ለአንዳንድ ድመቶች ይሠራል፣ በሁለት ሳጥን ከሆነ። ለእነዚህ ሁለቱ ግን አሁን አልመክርም፤ ፈርታ ያለች ድመት አጠገቧ ያለችውን ነው የምትወነጅለው።

መታረቃቸውን የምታውቂው ጅራታቸውን ወደ ላይ አቁመው ሲቀራረቡ፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ተነካክተው ሲተላለፉ፣ ሲላላሱ ነው። እስከዚያ ድረስ ብቻቸውን ትተሻቸው አትውጪ። ሳፋም ሦስት አድርጊ፣ ለየብቻ ቦታ፤ አንዷ ሌላዋን መተላለፊያ ላይ ቆማ እንዳትከለክላት።